የተቋረጠ ዲግሪ በአሜሪካ ገበያ ስንት ያወጣል?

ክሬዲት ከመሰብሰብዎ በፊት ተቀባዩን ይወቁ

መርካቶ የሚውል ነጋዴ ገዢውን ሳያውቅ ዕቃ አያስጭንም። ቢያስጭን የመጋዘን ኪራይ እየከፈለ የዋጋ መውረድ ሲመለከት ይከርማል። ይህንን ጠንቅቆ የሚያውቀው ነጋዴ ግን ልጁን ወይም ወንድሙን በአሜሪካ ለማስተማር ሲነሳ፣ አለዚያም ራሱ እዚያ ሄዶ ያቋረጠውን ትምህርት ሊጨርስ ሲያስብ ነገሩን ይዘነጋዋል። ከዚህም ከዚያም ክሬዲት ይሰበስባል። ክሬዲቱን ማን እንደሚቀበለው የሚጠይቀው መጨረሻ ላይ ነው።

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግና በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ፣ ዲግሪያቸውን ሳይጨርሱ የቀሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። አንዱ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓመት ተምሮ በዲቪ የሄደ ነው፤ ሌላው እዚያው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጀምሮ ልጅ ሲወለድ ያቆመ ነው። የተማሩበት ሴሚስተር በሣጥን ውስጥ እንደተቀመጠ ገንዘብ ነው፤ አይሠራም፣ አይወልድም። ሆኖም ጨርሶ አልጠፋም። ለመሆኑ ይህንን የተኛ ሀብት ወደ ዲግሪ ለመመንዘር የሚያስችለው መንገድ የትኛው ነው? ስንትስ ያስወጣል?

በአሜሪካ የመጀመሪያ ዲግሪ በአብዛኛው 120 ክሬዲት ይጠይቃል። አንድ ክሬዲት ማለት በሳምንት አንድ ሰዓት ያህል የክፍል ትምህርት ለ15 ሳምንት ገደማ መከታተል ማለት ነው። አንድ ኮርስ ብዙውን ጊዜ 3 ክሬዲት ስለሚይዝ ዲግሪው 40 ኮርስ ይሆናል ማለት ነው። ዓመቱን በኳርተር ከፍለው የሚያስተምሩት ደግሞ 180 ይጠይቃሉ፤ የእነርሱ 3 ክሬዲት በሴሚስተር ሲመነዘር 2 ይሆናል። ይህን ምንዛሪ ሳያውቁ «90 ክሬዲት አለኝ» ብለው ሄደው «ያለዎት 60 ነው» የሚባሉ ሰዎች አሉ።

ክሬዲት የሚገኘው ክፍል ገብቶ በመማር ብቻ አይደለም። ከሌላ ኮሌጅ የተገኘን ማዛወር ይቻላል፤ ፈተና ተፈትኖም ይገኛል፤ አንዳንድ ኮሌጆች የሥራ ልምድን በማስረጃ አስደግፎ ላቀረበ ሰው መዝነው ይሰጣሉ። የፈተናው መንገድ አዲስ ነገር አይደለም። ኮሌጅ ቦርድ የተባለው ድርጅት በተለምዶ «ክሌፕ» የሚባለውን ፈተና የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ብዙም ሳይቆይ ተማሪው ከየትም ያመጣውን ክሬዲት አሰባስበው ዲግሪ የሚሰጡ ሦስት ተቋማት ተከታትለው ተመሠረቱ። በ1971 በኒውዮርክ የዛሬው ኤክሴልሲየር ዩኒቨርሲቲ፣ በ1972 በኒውጀርሲ ቶማስ ኤዲሰን፣ በ1973 በኮነቲከት ቻርተር ኦክ። ሦስቱም ዕውቅና ያላቸው ናቸው፤ ዛሬም ይሠራሉ።

ፈተናው ምን ይመስላል?

ክሌፕ 34 የትምህርት ዓይነቶች አሉት። ብዙዎቹ ፈተናዎች በኮምፒዩተር የሚሰጡ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ የሚወስዱና በምርጫ የሚመለሱ ናቸው። ውጤቱ ከ20 እስከ 80 ሲሆን፣ የአሜሪካ የትምህርት ካውንስል 50 ላመጣ ሰው ክሬዲት እንዲሰጠው ይመክራል። ክፍያው 100 ዶላር ገደማ ነው፤ የፈተና ጣቢያው በበኩሉ የአገልግሎት ዋጋ ይጨምርበታል። የወደቀ ያንኑ ፈተና ለመድገም ሦስት ወር መጠበቅ ግዴታው ነው። ውጤቱ በድርጅቱ ዘንድ ለ20 ዓመት ይቀመጣል።

ለነጋዴው የሚቀርቡት ትምህርቶች የታወቁ ናቸው። ማርኬቲንግ፣ ማኔጅመንት፣ የንግድ ሕግ መግቢያ፣ ፋይናንሻል አካውንቲንግ፣ ማይክሮ እና ማክሮ ኢኮኖሚክስ። ሃያ ዓመት ሱቅ የከፈተና የዘጋ ሰው የማርኬቲንጉን መጽሐፍ ሲገልጥ የሚያውቀውን ነገር በእንግሊዝኛ ስሙ ያገኘዋል። ፋይናንሻል አካውንቲንጉ ግን በልምድ ብቻ አይታለፍም፤ ቁጭ ብሎ መማርን ይፈልጋል።

ሁለተኛው የፈተና ዓይነት ዲ.ኤስ.ኤስ.ቲ. ይባላል። መነሻው ለወታደሮች ነበር፤ ዛሬ ለሁሉም ክፍት ነው። ጥቅሙን ወደ በኋላ እናነሳዋለን።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ይሰመርበት። የትምህርት ካውንስሉ የሚሰጠው ምክር ነው እንጂ ትእዛዝ አይደለም። አንዱ ኮሌጅ በ50 ነጥብ 3 ክሬዲት ይሰጣል፤ ሌላው ከፍ ያለ ነጥብ ይጠይቃል፤ ሦስተኛው ፈተናውን ከነጭራሹ አይቀበልም። ክሬዲት እንደ ብር በሁሉም ቦታ በአንድ ዋጋ የሚመነዘር አይደለም። ይልቁንም እንደ ቡና ነው፤ ደረጃውን የሚያወጣለት ተቀባዩ ነው።

ገበያው ላይ ያሉት ጣሪያዎች

የመጀመሪያው ጣሪያ የብዛት ነው። አብዛኛው ኮሌጅ ከ120ው ቢያንስ 30ውን ከእኔ ዘንድ ተማር ይላል። ለምሳሌ ያህል በአካባቢው ያሉ ሐበሾች በቅርብ የሚያውቁት የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ግሎባል ካምፓስ ከውጭ እስከ 90 ክሬዲት ይቀበላል፤ ቀሪውን 30 ራሱ ያስተምራል። ከላይ የጠቀስናቸው ሦስቱ ተቋማት በዚህ ረገድ በጣም ለዘብ ያሉ ናቸው። ከራሳቸው የሚጠይቁት ጥቂት ኮርስ ነው።

ሁለተኛው ጣሪያ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ነው፤ የደረጃ ጣሪያ። ዲግሪ በቁጥር 120 መሙላት ብቻ አይደለም። ከዚያ ውስጥ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሚሆነው የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት ደረጃ ያለው ትምህርት መሆን አለበት። ክሌፕ በጠቅላላው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ትምህርት ሆኖ ነው የሚቆጠረው። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅም እንደዚሁ። ስለዚህ ርካሽ ነው ብሎ 20 ፈተና የተፈተነ ሰው የታችኛውን ፎቅ ሁለት ጊዜ ሠርቶ ጣሪያ ሳያለብስ እንደቀረ ባለቤት ይሆናል። ዲ.ኤስ.ኤስ.ቲ. የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ከፈተናዎቹ መካከል የገንዘብና ባንክ ትምህርት፣ እንዲሁም የንግድ ሥነ ምግባር በላይኛው ደረጃ እንዲቆጠሩ የትምህርት ካውንስሉ ይመክራል።

ሦስተኛው ድግግሞሽ ነው። በአዲስ አበባ ማክሮ ኢኮኖሚክስ የተማረና ኮሌጁ የቆጠረለት ሰው በዚያው ትምህርት ክሌፕ ቢፈተን የሚያገኘው ባዶ ነው። አራተኛው ደግሞ ከሁሉም የሚያሳስት ነው። ኮሌጁ «ክሬዲትህን ተቀብያለሁ» ይልና በነፃ ምርጫ ኮርስ ስም ይመዘግበዋል። የነፃ ምርጫው ቦታ ከሞላ በኋላ የሚመጣው ክሬዲት በወረቀት ላይ ይታያል እንጂ ዲግሪው ውስጥ አይገባም። ስለሆነም የሚጠየቀው ጥያቄ «ስንት ተቀበላችሁ?» ሳይሆን «ስንቱ ዲግሪው ውስጥ ገባ? ስንትስ ቀረኝ?» ነው። መልሱም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን።

ከኢትዮጵያ የመጣው ክሬዲት

ከአገር ቤት የመጣ ትምህርት በቀጥታ አይዛወርም። አስቀድሞ በገምጋሚ ድርጅት መታየት አለበት። ወርልድ ኤጁኬሽን ሰርቪስስ የተባለው የታወቀ ነው፤ ሌሎችም አሉ። የትኛውን እንደሚቀበል የሚወስነው ኮሌጁ ስለሆነ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ኮሌጁን መጠየቅ ያስፈልጋል። ግምገማውም ሁለት ዓይነት ነው። ርካሹ «ይህ ሰው ሁለት ዓመት ተምሯል» ብሎ ይዘጋል፤ ለሥራ ማመልከቻ ይበቃ ይሆናል። ክሬዲት ለማዛወር የሚያስፈልገው እያንዳንዱን ኮርስ፣ ክሬዲቱንና ውጤቱን የሚዘረዝረው ነው። ርካሹን አስወጥቶ ሁለተኛ የሚከፍል ሰው ጥቂት አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ትራንስክሪፕቱ መገኘት አለበት። በተማሪው እጅ ያለው ቅጂ አያገለግልም። ሬጅስትራሩ በታሸገ ፖስታ ወይም በራሱ መንገድ በቀጥታ እንዲልከው ይፈለጋል። በውጭ ያለ ሰው ጉዳዩን አዲስ አበባ ላለ ዘመድ በውክልና ካልሰጠ በቀር ነገሩ አይንቀሳቀስም፤ ውክልናውን በኤምባሲው ወይም በቆንስላው በኩል ማድረግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ከወጣው የወጪ መጋራት ደንብ ወዲህ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ደግሞ ዕዳውን ሳይጨርስ ኦፊሴላዊ ማስረጃ ለማግኘት ይቸገራል። ዕዳው በብር ነው፤ በዶላር ለሚያገኝ ሰው ቀላል ነው። ግን አስቀድሞ ካልታሰበበት ሴሚስተር ያሳልፋል።

የቁጥሩም ነገር አለ። የቀድሞው የአገራችን የክሬዲት ሰዓት አቆጣጠር ለአሜሪካው ቅርብ ነበር። በኋላ የሞጁል ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በአውሮፓው ኢ.ሲ.ቲ.ኤስ. መቁጠር ጀመሩ። አሜሪካኖቹ ብዙውን ጊዜ ሁለቱን የአውሮፓ ክሬዲት እንደ አንድ ይቆጥራሉ። በሰነዱ ላይ 120 የሚያነብ ሰው ዲግሪ የያዘ ይመስለዋል፤ የያዘው ግማሹን ነው።

ስሌቱ በወረቀት

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። አንድ ሰው እንውሰድ። ከኢትዮጵያ ሁለት ዓመት የተፈጥሮ ሳይንስ ተምሯል፤ አሜሪካ ውስጥ ትንሽ ሱቅ አለው፤ በቢዝነስ ማኔጅመንት መመረቅ ይፈልጋል። ገምጋሚው 54 ክሬዲት ቆጠረለት። ኮሌጁ ከዚያ ውስጥ 45ቱን ዲግሪው ውስጥ አስገባ፤ 9ኙ ወደቁ። ኮሌጁ ከውጭ እስከ 90 ይቀበላል። ለስሌቱ እንዲመች ኮሌጁ ለአንድ ክሬዲት 400 ዶላር፣ ኮሚዩኒቲ ኮሌጁ 200፣ አንድ ፈተና ከነጣቢያው ክፍያ 130 ዶላር ያስከፍላል እንበል። እርስዎ በራስዎ ኮሌጅ ዋጋ ይተኩት።

ሰውየው ሰባት ክሌፕ ይፈተናል። 6 ክሬዲት ያለው የእንግሊዝኛ ድርሰት፣ ከዚያም ማይክሮ፣ ማክሮ፣ ማርኬቲንግ፣ ማኔጅመንት፣ የንግድ ሕግና ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ፤ በድምሩ 24 ክሬዲት። ሁለት የላይኛው ደረጃ ዲ.ኤስ.ኤስ.ቲ. 6 ይጨምራሉ። ዘጠኙ ፈተና 1,170 ዶላር ወጣባቸው፤ አንዱ ክሬዲት 39 ዶላር መሆኑ ነው። ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ 15 ክሬዲት በ3,000 ዶላር ወሰደ። 45፣ 24፣ 6 እና 15 ሲደመር 90 ይሞላል። ቀሪውን 30 ከኮሌጁ በላይኛው ደረጃ በ12,000 ዶላር ተማረ። ጠቅላላ ወጪው 16,170 ዶላር ነው። የቀሩትን 75 ክሬዲቶች ሁሉ ከኮሌጁ ቢገዛ ኖሮ 30,000 ይከፍል ነበር። ልዩነቱ 13,830 ዶላር ነው።

የወደቁት 9 ክሬዲቶችስ? እነርሱ ቢመለሱለት ከኮሚዩኒቲ ኮሌጁ ሦስት ኮርስ ይቀርለታል፤ 1,800 ዶላር ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህንን ይተወዋል። ኮሌጆች ግን ይግባኝ ይቀበላሉ። የሚፈልጉት የኮርሱን ዝርዝር ነው፤ ምን ምዕራፍ፣ ስንት ሰዓት፣ በየትኛው መጽሐፍ። ስለዚህ ውክልና የተሰጠው ዘመድ ሬጅስትራሩ ዘንድ ሲሄድ ወደ ትምህርት ክፍሉም ጎራ ብሎ የኮርስ መግለጫውን ማህተም አስደርጎ ይውሰድ። የአንድ ቀን የታክሲ ሒሳብ ነው።

ከላይ ያለውን ወጪ ዝቅ የሚያደርግም አለ። ሞደርን ስቴትስ የተባለ በጎ አድራጎት ድርጅት የክሌፕ ዝግጅት ኮርሶችን በነፃ ያቀርባል፤ ኮርሱን ለጨረሰም የፈተናውን ክፍያ የሚሸፍን ቫውቸር ሲሰጥ ቆይቷል። በአሜሪካ ጦር ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ ለመጀመሪያ ሙከራው ክፍያውን መንግሥት ይችልለታል። አማርኛም ዋጋ ሊያወጣ ይችላል። ክሌፕ በአማርኛ የለም፤ ነገር ግን አክትፍል የተባለው ተቋም የንግግር ችሎታ ፈተናውን በአማርኛም ይሰጣል፤ የትምህርት ካውንስሉም ለዚሁ ፈተና ክሬዲት ይመክራል። አንዳንድ ኮሌጅ ለአፍ መፍቻ ቋንቋ ክሬዲት አልሰጥም ስለሚል መጀመሪያ መጠየቅ ነው።

ከአዲስ አበባ ዶላር ለሚልኩ

እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዶላር በብር ሲታሰብ ዋጋው ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ልጁን በተማሪ ቪዛ የላከ ወላጅ የፈተናው መንገድ ቢያጓጓው አይፈረድበትም። ነገር ግን የተማሪ ቪዛ ያለው ሰው በየሴሚስተሩ ሙሉ ጊዜ ተማሪ ሆኖ መመዝገብ አለበት፤ ይህም በመጀመሪያ ዲግሪ ብዙውን ጊዜ 12 ክሬዲት ነው። በፈተና የተገኘ ክሬዲት በዚያ ውስጥ አይቆጠርም። ስለዚህ ፈተናው ለእርሱ ጊዜ ያሳጥርለታል እንጂ በየሴሚስተሩ የሚከፍለውን አይቀንስለትም። አንድ ሴሚስተር ማሳጠር ግን ከትምህርት ክፍያው ሌላ የቤት ኪራይና የምግብ ወጪ መትረፍ ነውና የሚናቅ አይደለም። ቪዛውን የሚመለከተውን ነገር ከኮሌጁ የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ሳያረጋግጡ እርምጃ መውሰድ ግን አደጋ አለው።

ሌላም የሚታሰብ ነገር አለ። በፈተና የተገኘ ክሬዲት ብዙውን ጊዜ «አልፏል» ተብሎ ይመዘገባል እንጂ ውጤት አይሰጠውም። ወደ ማስተርስ የሚሄድ ተማሪ አማካይ ውጤቱ የሚሠራው ከቀሩት ጥቂት ኮርሶች ስለሚሆን አንድ ሲ ብዙ ያወርደዋል። ሒሳብ አዋቂነት ፈቃድ የሚፈልግም የግዛቱ ቦርድ የአካውንቲንግ ኮርሶችን በፈተና ይቀበል እንደሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ደላሎች ቅር እንዳይላቸው እንጂ በዚህ ገበያ ደላላ አያስፈልግም። «ክሬዲትህን እኔ አዛውርልሃለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው የሚሠራው ሥራ በኮሌጁ አማካሪ ቢሮ በነፃ የሚሠራ ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ «ለሥራ ልምድህ ብቻ ሙሉ ዲግሪ» እያለ በአንድ ዋጋ የሚሸጠው ነው። እውነተኛ ኮሌጅ ልምድን የሚመዝነው በኮርስ በኮርስ፣ ማስረጃ ጠይቆና ጣሪያ አብጅቶ ነው። በአሜሪካም የሐሰት ዲግሪ ሸማች ሞልቷል። እ.ኤ.አ. በ2004 የኮንግረሱ የምርመራ መሥሪያ ቤት የሦስት ዕውቅና አልባ ትምህርት ቤቶችን መረጃ ሲያይ 463 የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞችን በተማሪነት ተመዝግበው አግኝቷል። ትምህርት ቤቱ ዕውቅና እንዳለው በአሜሪካ የትምህርት ሚኒስቴር መዝገብ ማየት ደቂቃ አይፈጅም። ዕውቅና ሰጪውም ራሱ የታወቀ መሆን አለበት፤ አጭበርባሪዎች ዕውቅና ሰጪ ድርጅትም ይፈጥራሉና።

ዲግሪውን ይዞ አገር ቤት ለመሥራት ያሰበ ሰው በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን በኩል የአቻ ግምት ማሠራት ይኖርበታል። ከተለያየ ቦታ የተሰበሰበና በርቀት የተጠናቀቀ ዲግሪ እንዴት እንደሚታይ መጠየቅ ያለበት ከመመዝገቡ በፊት ነው። ከየኮሌጁ የተሰጡትን ትራንስክሪፕቶች፣ የፈተና ውጤቶቹንና ኮሌጁ ክሬዲቱን የቆጠረበትን ደብዳቤ ሁሉ በአንድ ማኅደር ያስቀምጥ። የአገር ቤቱ ገምጋሚ ዲግሪውን ብቻ አይቶ አይለቀውም፤ 120ው ከየት እንደመጣ መጠየቁ አይቀርም።